«ሐረር ማን አለሽ?»

ባለፈው ዓመት ለእረፍት አዲስ አበባ ገብቼ «ቅዳሜና እሁድን ሐረር ልሄድ ነው» ስል ወንድሜ መጀመሪያ ያለኝ «ሐረር ማን አለሽ?» ነው። ማንም የለኝም አልኩት። «ታዲያ ምን ልታደርጊ?» ቤቶቹን ላይ፣ ምግባቸውን ልበላ። ዝም ብሎ አየኝ። እናቴ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የቁልቢ ስለት አለብሽ እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣም። የምኖረው ዲሲ አካባቢ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ለሥራ ባልደረቦቼ «ለቅዳሜና እሁድ ቺካጎ ልሄድ ነው» ስላቸው ማን አለሽ ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። የትኛውን ሕንፃ ልታዪ ነው፣ የት ልትበዪ ነው፣ እሱን ነው የጠየቁኝ። እኛ ወደ ሌላ ከተማ የምንሄደው ሰው ብለን ነው። ለሰርግ፣ ለልቅሶ፣ ለንግሥ፣ ወይ ለሥራ። ከተማውን ራሱን ብሎ መሄድ ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነው።

ቺካጎ ላይ እቅዴ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ጀልባ። ወንዙ መሀል ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል፣ እናም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ግራና ቀኙን እያዩ ሲሄዱ አስጎብኚዋ እያንዳንዱ ሕንፃ ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ትናገራለች። እ.ኤ.አ. በ1871 ከተማዋ ተቃጥላ 300 ያህል ሰው ሞቷል፣ ወደ 100,000 ሰው ደግሞ ቤት አልባ ሆኗል። ያ ሁሉ ፎቅ የተነሳው ከዚያ አመድ ላይ ነው። ከጀልባው ስወርድ ከተማዋ ጋር የተዋወቅን መሰለኝ። ቺካጎ የምትሄዱ ካላችሁ ከጀልባው ጀምሩ፣ የቀረው በእግር ይደርሳል።

በእግር ካየሁት ሁሉ ልቤ የቀረው ሞናድኖክ የሚባለው ሕንፃ ላይ ነው። የሰሜኑ ግማሽ እ.ኤ.አ. በ1891 ተጠናቀቀ። 16 ፎቅ ነው፣ ክብደቱንም የተሸከመው የጡብ ግድግዳው ራሱ ነው፣ በዚህም የተነሳ ግድግዳው መሬት ላይ 1.8 ሜትር ያህል ውፍረት አለው። የደቡቡ ግማሽ ሁለት ዓመት ቆይቶ በብረት አጽም ተሠራ፣ ግድግዳው ቀጠነ፣ መስኮቱም ሰፋ። አንድ ሕንፃ ዙሪያውን ስትዞሩ የጡብ ዘመን አልቆ የብረት ዘመን ሲጀምር በዓይናችሁ ታያላችሁ። እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

ስለ ምግቡም ልንገራችሁ። ዲፕ ዲሽ የሚሉት ወፍራም ፒዛ እስኪበስል 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ስለዚህ ሳይርባችሁ እዘዙ። የከተማው ሰው በአዘቦት ቀን የሚበላው ግን ስሱንና በአራት ማዕዘን የሚቆራረጠውን ነው። እኔ ይበልጥ የወደድኩት ኢታሊያን ቢፍን ነው፤ እንደ ወረቀት የሳሳ የበሬ ሥጋ ዳቦ ውስጥ ገብቶ፣ ዳቦው እንዳለ መረቅ ውስጥ ተነክሮ ይሰጣችኋል። የጣሊያን ስደተኞች ጥቂት ሥጋ ለብዙ የሰርግ እንግዳ እንዲዳረስ ብለው አሳስተው ሲቆርጡ የመጣ ነው ይባላል። ሥጋው የሚመጣው ደግሞ እዚያው ከተማ ከነበረው ግዙፍ የከብት ገበያና ማረጃ ነበር። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1971 ቢዘጋም የድንጋይ በሩ ዛሬም ቆሟል። በሩን ካያችሁ በኋላ ሳንድዊቹ ሌላ ጣዕም አለው።

ከዚያ ሐረር። እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን፣ ከዚያ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ በሚኒባስ። እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያው ቀን ከፋኝ። ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ 82 መስጊድና 102 የቅዱሳን መካነ መቃብር በአንድ ግንብ ውስጥ የያዘ ከተማ ነው። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፣ አምስቱንም የድሮ በሮች አዳረስኳቸው። ግን ውስጥ ለውስጥ ስሄድ የማየው ግድግዳ ብቻ ነው። የሐረሪ ቤት ፊቱ ወደ ግቢው ነው፣ ለመንገዱ የሚሰጠው ጀርባውን ነው። ከውጭ ቆማችሁ የምታዩት የተቀባ ግንብና የተዘጋ በር ነው። የሚያስረዳ ጽሑፍ ብፈልግ የለም። ምስሉን አነሳሁ፣ አለፍኩ፣ አነሳሁ፣ አለፍኩ።

በማግስቱ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ (ስሙ ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው የመጣው) የተቀደደ ሸሚዝ ላሰፋ ቁጭ አልኩ። ሰፊው ከየት መጣሽ አለኝ፣ ነገርኩት፣ የመጣሁበትን ምክንያትም ነገርኩት። ሸሚዙን ሲጨርስ ማሽኑን ትቶ ተነሳና አክስቱ ቤት ወሰደኝ።

ሐረር የገባችኝ እዚያ ነው። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ሳሎኑ ውስጥ ነደባ የሚሉት ከፍና ዝቅ ያለ አምስት መደብ አለ፣ ሁሉም ምንጣፍ ለብሷል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በቀለም ያሸበረቀ ስፌት ተደርድሯል። ሳላውቅ የአባወራው መደብ ላይ ልቀመጥ ስል አክስቱ ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ ያንቺ ይሄ ነው» ብለው የእንግዳው ላይ አስቀመጡኝ። ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ሲሠራ ተወስኗል ማለት ነው። ያን ቀን ሁልበት መረቅ የሚሉትን የአብሽ ወጥ በላሁ። ቁጢ ጠጣሁ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን። ቺካጎ ላይ ሕንፃውን አይቼ ምግቡን ሌላ ሰፈር ሄጄ ነው የበላሁት። እዚህ ግን ሕንፃውም ምግቡም አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ።

ወንድሜ እውነቱን ነበር። ሐረር «ማን አለሽ?» የምትል ከተማ ናት። ሰው ከሌለህ የምታየው ግንብ ነው።

ግን ደግሞ ሁሉም ሰው የተቀደደ ሸሚዝ ይዞ አይመጣም። ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በየዓመቱ በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ብዙ ሕንፃዎች በራቸውን በነጻ ለማንም ይከፍታሉ። ቤተ እምነቱም፣ ቢሮውም፣ ቲያትር ቤቱም። ማንንም ማወቅ አያስፈልግም። እኛ እንግዳ መቀበል ከማንም አንማርም፣ ይሄን ደፍሬ እናገራለሁ። የጎደለን የማያውቀንን ሰው የምንቀበልበት ቀን ነው። ጀጎል ውስጥ ፈቃደኛ የሆኑ አሥር ቤቶች በዓመት ሁለት ቀን ቢከፈቱ፣ ባለቤቶቹም ቢከፈላቸው፣ ምን ያህል ሰው ከአዲስ አበባ ይሄድ ነበር!

ስመለስ ድሬዳዋ ግማሽ ቀን ነበረኝ። ባቡሩ ተራራውን ወደ ሐረር መውጣት ከባድ ስለሆነበት ነው እ.ኤ.አ. በ1902 ከተማዋ እዚያ ሜዳ ላይ የተወለደችው። ከሁለቱ የድሮ ሰፈሮቿ ከዚራ ባለ ዛፍ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፣ መጋላ ደግሞ ጠመዝማዛ። ጠዋት ፈጢራ በማር በልታችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ተሻገሩ።

አዲስ አበባ ስገባ ፒያሳ ሄድኩ። በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰው ሰፈር ውስጥ ልጅ ሆኜ እርጥብ የምበላበት ጥግ ነበር። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል። የቤቶቹ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ቺካጎም ይሄን በደል ሠርታለች፤ አርክቴክቱ ሉዊስ ሰሊቫን ከአጋሩ ጋር የሠራውን የአክሲዮን ገበያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1972 አፈረሱት፣ ጌጡን ለማትረፍ ሲሮጥ የነበረው ፎቶ አንሺ ሪቻርድ ኒከልም ፍርስራሹ ተጭኖት እዚያው ሞተ። ዛሬ የሕንፃው የመግቢያ ቅስት ብቻውን ሙዚየም አጠገብ ቆሟል። አጠገቡ ስቆም የፒያሳ በረንዳዎች ነበሩ የታወሱኝ። ከእነሱ አንድ በር እንኳ ተነቅሎ የሆነ ቦታ ቢቆም ኖሮ እላለሁ። አሁን የቀረውን እንይ፦ ጣይቱ ሆቴል፣ በ2007 ዓ.ም. ከደረሰበት ቃጠሎ የተረፈው፤ ባለ ስምንት ማዕዘኑ ጊዮርጊስ፤ አርቱሮ ሜዜዲሚ የሠራው ማዘጋጃ ቤት። በአንድ ቅዳሜ፣ መሀል ላይ ማኪያቶ እየጠጡ፣ በእግር ያልቃል።

ከተመለስኩ በኋላ ወንድሜ ደወለ። እሱና ባለቤቱ በጥቅምት ሐረር ሊሄዱ አስበዋል። «የሴትዮዋን ስልክ ላኪልኝ» አለኝ። እሳቸውን አስፈቅጄ ላክሁለት፣ የእንግዳው መደብ በየት በኩል እንደሆነም ጻፍኩለት።