ይድረስ ለአቶ ሰርቪስ፣ ካሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ እንዳልል፣ መቼ ተለይተውኝ ያውቃሉ!

የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ እርስዎ ውስጥ ነው። ከትልቁ ቤት ጀርባ ለማድ ቤትና ለሠራተኛ ተብላ የተሠራች አንዲት ክፍል፤ "ሰርቪስ" ይሏታል። ጠዋት አጂፕ ጋ ቆሜ የምጠብቀው እርስዎን ነው። የወንድሜ ባጃጅ እርስዎን ሊደረግ ጋራዥ ከገባ ሳምንት አለፈው። ስለ ጡረታ ብጠይቅ ደግሞ "ቢያንስ 10 ዓመት ሰርቪስ ያስፈልግሃል" ተባልኩ።

ባለፈው ሐምሌ እናቴ ደወለች። የጅማን ዝናብ መቼም ያውቁታል።

"እንዴት አደርክ ልጄ?"

"ምን አድራለሁ እማዬ፣ ሰርቪሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈስ! ባልዲ ደቅኜ ተኛሁ።"

"ውይ በሞትኩት! ምነው ወርደህ ባጃጅ ብትይዝ?"

ይኸው እስከ ዛሬ ለዘመድ ሁሉ "ልጄ አውቶቡስ ውስጥ ነው የሚያድረው" እያለች ታስለቅስብኛለች።

እንግሊዝ አገርም አርፈው አይቀመጡም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጸሎት፣ ካምፕ ሲገቡ ውትድርና፣ ቴኒስ ሜዳ ሲወጡ የመጀመሪያዋ ምት ይሆናሉ። የሲኒ ስብስብ እንኳ፣ ከነማንቆርቆሪያው፣ እርስዎ ነዎት! እዚህ ላይ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጅማ ላይ ለዚህ ረከቦት አለን።

የዘር ሐረግዎንም ቆጥሬያለሁ። በፈረንሳይኛ በኩል ዞረው እንግሊዝ ገቡ እንጂ፣ ሥርዎ ላቲኑ "ሰርቩስ" ነው፤ ባሪያ ማለት። ታዲያ ስጠብቅዎት የምውለው እኔ፣ ኪራይዎን የምከፍለው እኔ፤ ባሪያው ማነው?

ቅዳሜ ዕለት አንድ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። አርባ ደቂቃ ጠበቅኩ። ቀዝቅዞ መጣ። ስኳር ብል የሰማኝ የለም። ደረሰኙ ላይ ግን ቁጭ ብለዋል፤ 10 በመቶ፣ በላይዎ ላይ ደግሞ ቫት።

"ይሄ ምንድነው እህት?" አልኳት አስተናጋጇን።

"ሰርቪስ ነዋ።"

"የቱ?"

ትከሻዋን ሰበቀችና ሄደች። እኔም ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩዎት። ስተኛም ስሳፈርም የማያጡኝ ሰውዬ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ጠፉ።

ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ግን ባልዲው ሞላ።

አክባሪዎ፣
ሰርቪስ ውስጥ ሆኖ ሰርቪስ የሚጠብቀው