የሞርታዴላ፣ የእርጎና የባቡር ቡድኖች

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሠራው መብራት ኃይል ነው። ስለዚህ እኛ ቤት ቡድን የመምረጥ ጣጣ አልነበረም። ሰፈሩ ግማሹ ጊዮርጊስ፣ ግማሹ ቡና ነው፤ እኛ መብራት ኃይል። መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈር ልጆች «ዛሬም ተሸነፋችሁ እንዴ?» እያሉ ይስቁብን ነበር።

ኦሳካ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። በቀደም በስልክ ስናወራ አባቴ «እዚያ ኳስ ታያለህ?» አለኝ። ቤዝቦል እንደማይ ነገርኩት። ምን እንደሆነ ላስረዳው ታገልኩ። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ መትቶ ይሮጣል። «ዱላና ኳስ ከሆነማ ገና ነው እንጂ!» ብሎ ገላገለኝ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? እዚህ አገር ግን ጌታው አንድ ጊዜ ተቆጥቶ ያውቃል። እሱን በኋላ አመጣዋለሁ።

የቡድኖቹን ስም ጠየቀኝ። ትልቁ ሊግ ውስጥ 12 ናቸው፤ ሁለት ቦታ ተከፍለው ስድስት ስድስት ሆነው ይጫወታሉ። ስማቸውን ስዘረዝርለት እኔው ሳቄ መጣ። ያኩልት በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ እርጎ መሰል መጠጥ ነው። ሎቴ ከረሜላና ማስቲካ ነው። ዮሚዩሪና ቹኒቺ ጋዜጣ ናቸው። ኒፖን ሃም የሥጋ ፋብሪካ ነው፤ ሞርታዴላና መሰሉን ይሠራል። «የምን ሥጋ?» አለኝ። የአሳማም እንዳለበት ነገርኩት። «በስመ አብ!» ካለ በኋላ ግን ቆየት ብሎ፣ «ታዲያ ምን ያስቅሃል? እኛስ መድን፣ ባንክ፣ መብራት ኃይል አይደል የምንለው?» አለ።

እውነቱን ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ እነሱ ዘንድ ቡድን በአብዛኛው በከተማ ስም ነው የሚጠራው። የእኛ አገር ሰው ግን የመሥሪያ ቤት ስም እየጠራ ነው አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ካታንጋ ላይ ሲጮህ ያደገው። ጃፓንና እኛ በዚህ ብንግባባ አይገርምም።

እኔ የምደግፈው ሀንሺን ታይገርስን ነው። ሀንሺን የባቡር ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በኦሳካና በኮቤ መካከል የኤሌክትሪክ ባቡር ዘረጋ። ሰው በሥራ ቀን ይሳፈራል፤ በእረፍት ቀን ባቡሩ ባዶውን እንዳይሄድ ምን ይደረግ? መስመሩ ዳር ሰው የሚሄድበት ቦታ መፍጠር ነዋ። በ1924 ኮሺዬን የሚባለውን ስታዲየም ሠሩ፤ በ1935 ቡድን አቋቋሙ። ይኸው መቶ ዓመት አለፈው፣ ዛሬም ከባቡሩ ወርደህ ጥቂት እንደተራመድክ በሩ ላይ ነህ። ሌሎቹም የባቡር ድርጅቶች ያንኑ ዘዴ ያዙ። በአንድ ወቅት በኦሳካ ዙሪያ ብቻ አራት የባቡር ቡድኖች ነበሩ። ሀንሺን፣ ሀንኪዩ፣ ናንካይና ኪንቴትሱ።

ኮሺዬን መጀመሪያ የገባሁ ቀን ግራ ገባኝ። የእኛ ቡድን የመምቻ ተራ ሲሆን ጥሩምባና ከበሮ ይነሳል፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ዘፈን አለው፣ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። የተጋጣሚው ተራ ሲደርስ ያ ሁሉ ሰው ቁጭ ይላል። ምግቡን ይከፍታል። ያኔ ከወዲያኛው ጥግ የእንግዶቹ ጥሩምባ ይጀምራል። ሠርግ ቤት የወንድ ወገንና የሴት ወገን ተራ በተራ እንደሚዘፍነው በሉት። የቢራ ሻጮቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። በርሜሉን በጀርባቸው ተሸክመው ያንን ደረጃ ሽቅብ ቁልቁል ይሉታል። እጅህን ስታወጣ ፊትህ በርከክ ብለው ድራፍቱን ይቀዱልሃል፣ ፈገግ ብለው ይሄዳሉ። እኔ ሁለተኛውን ያዘዝኩት ለቢራው ብዬ ሳይሆን አዝኜ ነው።

ሀንሺን ደግሞ በማሸነፉ የሚታወቅ ቡድን እንዳይመስላችሁ። በ1985 ሊጉን ሲወስድ ደጋፊው አበደ። ዶቶንቦሪ የሚባል የቆሸሸ ቦይ ውስጥ እየዘለለ ገባ። ኮከቡ ራንዲ ባስ የሚባል ጺማም አሜሪካዊ ነበር። እሱን የሚመስል ሰው ሲታጣ ከኬንታኪ ዶሮ ቤት ደጃፍ የመሥራቹን የጺማሙን ኮሎኔል ሐውልት አንስተው ቦይው ውስጥ ወረወሩት። በዚያው ዓመት የሁለቱ ምድብ አሸናፊዎች የሚገናኙበትን የአገሪቱን ዋንጫም ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ግን ድርቅ መታቸው፤ ከ1998 እስከ 2001 አራት ዓመት በተከታታይ መጨረሻ ወጡ። ሰው የኮሎኔሉ እርግማን ነው አለ። ሐውልቱ በ2009 ከጭቃ ወጣ፤ የአገሪቱ ዋንጫ ዳግም የተገኘው ግን በ2023 ነው። 38 ዓመት! በዚህ ሁሉ መሃል ስታዲየሙ ባዶ አልሆነም። የወንድሜ ልጅ አርሰናል ነው፤ የትዕግሥት ማስተር አለኝ ይላል። ኦሳካ መጥቶ ይማር።

ወደ ባቡሮቹ ልመለስ። ከታች ቤት የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የሆነ አሮጌ ኮፍያ ተሰቅሏል። የኪንቴትሱ ነው። ስለ ኦክቶበር 19 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ካልጠየቅኳቸው ሻይ አያቀርቡልኝም። በዚያ ቀን ኪንቴትሱ ከሎቴ ጋር ሁለት ጨዋታ ነበረው። ሁለቱንም ካሸነፈ ሊጉ የእሱ ነው። የመጀመሪያውን 4 ለ 3 አሸነፈ። ሁለተኛው 4 ለ 4 እያለ ሰዓት አለቀ። ጃፓን ውስጥ ቤዝቦል በአቻ ያልቃል፤ ያኔ ደግሞ ጨዋታው ከአራት ሰዓት በላይ ከፈጀ አዲስ ዙር አይጀመርም ነበር። ዋንጫው ሴይቡ ለሚባል ለሌላ የባቡር ቡድን ሄደ። አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ሳለ፣ በዚያው ዕለት፣ ሀንኪዩ ቡድኑን መሸጡ ተሰማ። ገዢው ዛሬ ኦሪክስ የምንለው የሊዝ ኩባንያ ነው። ናንካይም በዚያው መከር ቡድኑን ሸጦ ነበር፤ እሱ ወደ ፉኩኦካ ተጓዘ፣ ዛሬ ሶፍትባንክ የሚባል የስልክ ኩባንያ ንብረት ነው።

የሽማግሌው ተራ የደረሰው በ2004 ነው። ኪንቴትሱ ቡድኑን መሸከም አቃተኝ አለ፤ ከኦሪክስ ጋር እንዲዋሃድ ባለቤቶቹ ተስማሙ። ሊጉንም ሊያሳንሱት ፈለጉ። የተጫዋቾች ማኅበር መሪ የነበረው አጹያ ፉሩታ ባለቤቶቹን ላነጋግር አለ። ያኔ ነው ጌታው የተቆጣው። የዮሚዩሪው ትልቅ ሰው ጹኔዎ ዋታናቤ «ተራ ተጫዋች!» አሉ። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ቃል በአደባባይ አይወጣም። ሕዝቡ ነደደ። ደጋፊው ፊርማ አሰባሰበ፣ ሴፕቴምበር 18 እና 19 ተጫዋቾቹ አድማ መቱ። በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ቀን ብቻ ነው የቆየው፤ ግን በቀጣዩ ዓመት ሴንዳይ ላይ ራኩተን የሚባል አዲስ ቡድን መጫወት ጀመረ፣ ቁጥሩም 12 እንደሆነ ቀረ። ሴንዳይ በ2011 የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ከተመታው አካባቢ ነው። በ2013 ራኩተን የአገሪቱን ዋንጫ አነሳ።

ኪንቴትሱ ግን አልተመለሰም። ለሽማግሌው «ታዲያ ኦሪክስን አይደግፉም?» ብላቸው አዩኝና፣ «ሚስትህ ጎረቤት አገባች፤ ሠርጉ ላይ ሄደህ ጨፍር እንደማለት ነው» አሉኝ።

እኔን የነካኝ አገሬን ስላሰብኩ ነው። ንግድ ባንክ ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ የወንዶች ቡድኑ ፈረሰ። ከዓመታት በኋላ እንደገና ተቋቁሞ በ2016 ዓ.ም. ዋንጫውን በላ፤ ጎበዝ ነው። ሲፈርስ ግን ማን ጮኸ? ፊርማ ያሰባሰበ፣ ሜዳ አልገባም ያለ ትዝ ይላችኋል? እኔ ትዝ አይለኝም። ልፈርድ አልችልም፤ እኔም አልጮህኩም። የእኛ መብራት ኃይል በ1990 እና በ1993 ዓ.ም. ሻምፒዮን ነበር። ከዚያ ወዲህ መውረድም መውጣትም አይቷል፤ እኔ ሲወርድ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። የመሥሪያ ቤት ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ያውቃል ብለን ተውነው መሰለኝ።

ሂሮሺማ ላይ ሌላ ነገር አለ። አቶሚክ ቦምቡ ከወደቀ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1950፣ ካርፕ የሚባል ቡድን መጫወት ጀመረ። ከጀርባው ሀብታም ኩባንያ አልነበረውም። በ1951 ገንዘብ አለቀበት፣ ሊፈርስ ደረሰ። ስታዲየሙ በር ላይ የሳኬ በርሜል ተቀመጠ። ሰው ሲገባ ሳንቲሙን ይጥላል፣ ልክ ለእድር እንደሚዋጣው። ቤት የሌለው፣ ቤተሰቡን የቀበረ ሰው ነው የሚያዋጣው። ካርፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጉን የወሰደው በ1975 ነው። ዛሬ የማዝዳ ድርሻ አለበት፤ ሂሮሺማ ሄዳችሁ የማዝዳ ቡድን ነው ብትሉ ግን የሚሰማችሁ የለም።

ባለፈው ሳምንት ናምባ የሚባል የኦሳካ ሰፈር ወርጄ ነበር፤ የናንካይ ስታዲየም የነበረበት ቦታ ላይ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ቆሟል። ወለሉ ላይ፣ መቺው አጠገቡ ይቆም የነበረውን ሰሌዳ ቦታ ምልክት አድርገው ትተውታል። ሰው ዕቃ ተሸክሞ፣ ቡና ይዞ፣ ሕፃን በጋሪ እየገፋ ያልፍበታል። ፎቶ አንስቼ ለአባቴ ላክሁለት።

ማታ ደወለ። «ሰው ይረግጠዋል?» አለኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«አንተስ?»

«ዞሬ አለፍኩ።»