ሁሉም ነገር በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ነበር

አንድ ጸሐፊ ስለ ንግድ ሲጽፉ «አነስተኛ ነጋዴ በመጀመሪያ ግልጽ ራዕይ፣ ቀጥሎም የተጻፈ አሠራር ያስፈልገዋል» ማለታቸው መልካም ነው፤ እኔ ግን ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። አራት ኪሎ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ የሥራው ዋጋ፣ የወረቀቱ ዓይነት፣ የዱቤው ሒሳብ ሁሉ የተቀመጠው በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። አምና ታይፎይድ ዐሥር ቀን አስተኛኝ። ስመለስ የሙሽራዋ ስም የተሳሳተበት 500 የሠርግ መጥሪያ ታትሞ ጠበቀኝ። ባተመው ሠራተኛዬ ላይ ምን ልፍረድ? ናሙናው ለደንበኛ ታይቶ ሳይፈረምበት እንደማይታተም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያን ዕለት ማታ አንድ ገጽ ጻፍኩ፦ ትእዛዝ ሲመጣ ምን ይጠየቃል፣ ቀብዱ ስንት ነው፣ ማን ያርማል፣ የዕለቱ ገንዘብ ከደረሰኙ ጋር እንዴት ይመሳከራል። ማሽኑ አጠገብ ተለጥፏል፤ ቀለም ቢፈስበትም ይነበባል።

ራዕይ የሚባለው የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሐምሌ ላይ የዓመቱን ሒሳብ ስዘጋ፣ የስም ካርድ ድካም ብቻ እንደሆነ፣ ቤቴን የሚያቆመው የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ጥረዛ መሆኑን አየሁ። (የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ እዚሁ አጠገቤ ነው፤ ይህን ለማየት ስምንት ዓመት መፍጀቴ ያሳፍራል።) አሁን የስም ካርድ ፈልጎ የሚመጣውን ወደ ጎረቤቴ እልካለሁ።