አዝማሪው የዘፈነው ስድብ ሁሉ የራሱ አይደለም

ወንድሜ፣ ስለ ሁለቱ የባሕር ዳር አዝማሪዎች የጻፍከው ተረት በጣም ያስቃል። ማሲንቆ መቺውና ዘፋኟ ጣና ዳር ካለች ጠጅ ቤት ተነስተው የየሠርጉ ተፈላጊ ሆኑ፤ ከዚያ እሱ በአፍንጫዋ ገጠመባት፣ እሷ በራሰ በራው መለሰችለት፣ በዚያው ተለያዩ። ፈጠራ ስለሆነ በዚህ አልከራከርህም። መታረም ያለበት መጨረሻ ላይ ያልከው፣ ብዙ ሰውም የሚያምነው ነገር ነው፦ አዝማሪ የሚዘፍነው ስድብ ሁሉ ከራሱ ነው የሚለው።

አይደለም! አዝማሪ ቤት ስትገባ ልብ ብለህ አዳምጥ። ታዳሚው «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይሰጠዋል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይለዋል። ጓደኛ ጓደኛውን የሚነካካው፣ ለሽልማት እጁ የማይፈታውን የሚያሳጣው፣ አንዳንዴም የቆየ ቅሬታውን የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ አዝማሪው ድምፁን ያውሳል እንጂ የሚሰደበውን ሰው ጭራሽ ላያውቀው ይችላል።

የራሱንም ይገጥማል እርግጥ፣ ያውም እዚያው ቆሞ፣ አለባበስህንና አቀማመጥህን አይቶ። ወንድና ሴት እየተቀባበሉ መወራረፋቸውም ጨዋታ ነው፣ ጠብ አይደለም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው አዝማሪ ለረጅም ዘመን ሲናቅ የኖረ ባለሙያ ስለሆነ ነው። ከፈረስ ጭራ በተሠራ አንድ አውታር ቤት ሙሉ ሰው የሚያስጨፍር ሰው ባልተናገረው ስድብ መወቀስ የለበትም። ስለዚህ ተረትህን አስተካክለው፦ የአፍንጫዋ ስንኝ ከጥጉ ጠረጴዛ ይምጣ፣ ሁለቱን ደግሞ የሽልማት ገንዘብ ክፍፍል ያጣላቸው።