አምፖሉ ያለ ስልክም ይብራ

በስልክ ስለሚታዘዙ ዕቃዎች ሲወራ ክርክሩ ቶሎ ሁለት ጎራ ይይዛል። አንዱ ወገን አምፖሉም፣ የበር ቁልፉም፣ ማጠቢያ ማሽኑም በስልክ ይታዘዝ ይላል፤ አምራቾችም ለየዕቃው አንዳንድ መተግበሪያ እየሠሩ ይህንኑ ያራግባሉ። ሌላው ነገሩን የቅንጦት መጫወቻ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም የሚያልፉት ጥያቄ አለ፦ ትዕዛዙ ከስልኩ ተነስቶ ዕቃው ዘንድ እስኪደርስ በየት በኩል ይሄዳል? መንገዱ ሲቋረጥስ ዕቃው ሥራውን ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? የእነዚህ ዕቃዎች ጥራት መለካት ያለበት ከሁሉ በፊት በዚህ ነው ብለን እናምናለን።

ተራ የዋይፋይ አምፖል እንውሰድ። ሰውየው ስልኩን ነክቶ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ያለውን አምፖል ሲያበራ ትዕዛዙ በቀጥታ የሄደ ይመስለዋል። በብዙ አምፖሎች ግን ትዕዛዙ ከስልኩ ወደ ራውተር (የቤቱን ዋይፋይ ወደሚያሰራጨው ሳጥን)፣ ከራውተር ወደ አምራቹ ሰርቨር (በኢንተርኔት ወደሚገኘው ኮምፒውተሩ) ይጓዛል፤ ሰርቨሩ ሌላ አህጉር ላይ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ተመልሶ ወደዚያው ክፍል ይገባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ራውተር ከውጭ ሳይጠራ የሚመጣን ግንኙነት አያስገባም፤ ስለዚህ አምፖሉ ራሱ ወደ ሰርቨሩ ደውሎ መስመሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል። ከቤት ውጭ ሆኖ ለማዘዝ ይህ መንገድ ያስፈልጋል። ችግሩ የሚጀምረው አምራቹ ለቤት ውስጡም ትዕዛዝ ሌላ መንገድ ሳይሠራ ሲቀር ነው። ያኔ የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥ አምፖሉም ይደነቁራል፤ ሰርቨሩ ለዘለቄታው ከተዘጋ ደግሞ ዕቃው ምንም ሳይበላሽ ቆሻሻ ይሆናል።

ይህ ግምት አይደለም። ሪቮልቭ የተባለው የቤት መቆጣጠሪያ ሳጥን 300 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። የጎግል የሆነው ኔስት ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2014 ገዛው፤ በሜይ 2016 ሰርቨሩ ሲዘጋ መተግበሪያው መክፈት አቆመ፣ ሳጥኑም አብሮ ሞተ። ሳጥኑ ውስጥ የነበሩት የሬዲዮ ክፍሎች በሙሉ ደህና ነበሩ።

ስለዚህ አንድን ዕቃ ገዝቶ ከመልመድ በፊት መፈተን ይገባል። ፍተሻው ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ስልኩንና ዕቃውን አንድ ዋይፋይ ላይ ያድርጉ። ራውተሩን ሳያጠፉ ከውጭ የሚገባውን የኢንተርኔት ገመድ ብቻ ይንቀሉ። ቀጥሎ የስልኩን ሞባይል ዳታ ያጥፉ። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ስልክ ግን ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ሊዞር ይችላል፣ ያኔ ከቤቱ ኔትወርክ ስለሚወጣ ደህናውም ዕቃ እንደማይሠራ ሆኖ ይታያል። መተግበሪያውን ሙሉ በሙሉ ዘግተው እንደገና ይክፈቱና አምፖሉን ይዘዙ። ከታዘዘ ትዕዛዙ እዚያው ቤት ውስጥ እየሄደ ነው። መተግበሪያው መግቢያው ገጽ ላይ ከተገተረ ወይም ዕቃው አልተገናኘም ካለ፣ የዕቃው ትእዛዝ ያለው በአምራቹ እጅ ነው። የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ መመለስ ያኔ ነው።

አስቀድሞ ግን ዕቃው ከዋይፋዩ ጋር መገናኘት አለበት፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። በአምፖልና በሶኬት ውስጥ የሚገቡት ርካሽ ቺፖች አብዛኞቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ የሚሰራጨውን ዋይፋይ ብቻ ነው የሚሰሙት። አዳዲስ ራውተሮች ደግሞ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝን በአንድ ስም ያሰራጫሉ፣ ስልኩም ፈጣኑን 5 ይመርጣል። አንዳንድ መተግበሪያዎች የይለፍ ቃሉን ለዕቃው የሚነግሩት በአየር ላይ በሚበትኑት ምልክት ስለሆነ፣ ስልኩ በ5 ሲናገር ዕቃው በ2.4 ጆሮውን አቁሞ ምንም አይሰማም። መፍትሔው የራውተሩን 5 ጊጋኸርዝ ለጥቂት ደቂቃ ማጥፋት ነው። ካልተቻለ ዕቃው ራሱ ጊዜያዊ ዋይፋይ የሚከፍትበትን ዘዴ መምረጥ ይሻላል። ራውተሩ ደብልዩ ፒ ኤ 3 በተባለው አዲሱ የዋይፋይ መጠበቂያ ዘዴ ብቻ ላይ ከተቀመጠም የቆዩ ቺፖች አይገቡም፤ 2 እና 3 የተቀላቀለበት ላይ መመለስ አለበት። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ መተግበሪያው የአካባቢ መረጃ ፈቃድ ካልተሰጠው በዙሪያው ያሉትን ዋይፋዮች ዝርዝር ማየት አይችልም። ፈቃዱን ለመገናኛው ሰዓት ሰጥቶ በኋላ መንሳት ይቻላል።

ወደ አምፖሉ እንመለስ። ስማርት አምፖል ከግድግዳ ማብሪያው ጋር ይጋጫል። እንግዳ ወይም ልጅ ማብሪያውን ካጠፋው አምፖሉ ኤሌክትሪክ አያገኝም፣ ስልኩም ሊያገኘው አይችልም። ሌላ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ፦ ብዙ አምፖሎች ወደ ፋብሪካ ሁኔታቸው የሚመለሱት ሦስት ወይም አምስት ጊዜ በፍጥነት ሲጠፉና ሲበሩ ነው። መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር አምፖሉ ይህን እንደ ትዕዛዝ ሊቆጥረውና የዋይፋዩን ስም ሊረሳ ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፖሉ ምን ያድርግ የሚለው ምርጫም መተግበሪያው ውስጥ ካለ «እንደነበረበት» ላይ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ሌሊት መብራት ሲመለስ የመኝታ ክፍሉ አምፖል በሙሉ ኃይሉ ይበራል።

በእኛ ግምት ከስማርት አምፖል ይልቅ ከማብሪያው ጀርባ የሚገባ ስማርት ሪሌ (በኤሌክትሪክ ትዕዛዝ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ) ይሻላል። ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ እንደ ድሮው ይሠራል፣ ስልኩም ተጨማሪ ሆኖ ይገባል፣ አንዱ ሌላውን አይሽርም። አብዛኞቹ ሪሌዎች ግን ኒውትራል ሽቦ (የኤሌክትሪክ መመለሻውን ሽቦ) ይፈልጋሉ፤ በብዙ የቆዩ ቤቶች ማብሪያው ሣጥን ውስጥ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ኒውትራል አይደሉም። ያለ ኒውትራል የሚሠሩት ዓይነቶች የሚኖሩት በአምፖሉ በኩል በሚያሾልኩት ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ዝቅተኛ ዋት ያለው ኤል ኢ ዲ ጠፍቶም ይርገበገባል ወይም ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ያንን ትንሽ ኤሌክትሪክ በራሱ በኩል የሚያሳልፈውን፣ አምራቹ የሚሸጠውን ማለፊያ ከአምፖሉ ጎን ለጎን ማሰር ይህን ያስተካክላል። ሥራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ዋናው ቆጣሪ ሳይጠፋ አይነካም።

የስማርት ሶኬት አደጋ ደግሞ ከዋይፋዩ ይልቅ ውስጡ ባለው የሪሌ ምላስ (ተነካክቶ ኤሌክትሪኩን በሚያስተላልፈው ብረት) ላይ ነው። 10 አምፔር በ230 ቮልት 2,300 ዋት ይሆናል፤ አንድ የክፍል ማሞቂያ ብቻውን 2,000 ዋት ሊወስድ ይችላል። ቁጥሩ ይበቃል፣ ግን ለሰዓታት በሙሉ ጭነት የሠራ ትንሽ ሶኬት ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይለሰልሳል። ፓምፕና ፍሪጅ የመሳሰሉ ሞተር ያላቸው ዕቃዎች ሲነሱ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባሉ። በዚያች ቅጽበት በምላሶቹ መካከል የሚፈጠረው ብልጭታ አንድ ቀን ምላሶቹን አጣብቆ ያስቀራቸዋል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ላይ «ጠፍቷል» ይላል፣ ፓምፑ ግን ይሠራል። ምክንያቱም መተግበሪያው የሚያሳየው የታዘዘውን እንጂ የሆነውን አይደለም። ይህን ውሸት የሚያጋልጠው የሚያልፈውን ዋት የሚለካ ሶኬት ብቻ ነው፤ «ጠፍቷል» ካለ በኋላ ንባቡ ዜሮ ካልሆነ ምላሱ ተጣብቋል። ማሞቂያን ከሩቅ ሆኖ በስልክ ማብራት ግን በየትኛውም ሶኬት ቢሆን መከልከል አለበት እንላለን። ማሞቂያው ላይ መጋረጃ ወድቆ ሊሆን ይችላል፣ ስልኩ ይህን አያይም።

የበር ቁልፍ ላይ ያለን አቋም ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነው። በስልክ የሚከፈት ቁልፍ የብረት ቁልፍ ማስገቢያ ከሌለው፣ ቢያንስ ከውጭ በኩል የ9 ቮልት ባትሪ አስነክቶ ለማንቃት የሚያገለግሉ ሁለት ነጥቦች ሊኖሩት ይገባል። ባትሪው ቶሎ አለቀ የሚል ቅሬታ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የበሩ ነው። መቀርቀሪያው ከፍሬሙ ቀዳዳ ጋር በሚሊሜትር ካልገጠመ ሞተሩ እየታገለ ይገፋዋል፣ ባትሪውም በዚያው ይሟጠጣል። በሩን ሳይዘጉ መቀርቀሪያውን ያስወጡና ድምፁን ይስሙ፤ ከዚያ ዘግተው ይድገሙት። ሁለተኛው ድምፅ ከበድ ወይም ዘግየት ካለ የፍሬሙን ቀዳዳ በሞረድ ማስፋት ከአዲስ ባትሪ ይበልጣል። 1.2 ቮልት የሚሰጡ ዳግም የሚሞሉ ባትሪዎች ደግሞ ለ1.5 ቮልት የተሠራውን የቁልፉን የባትሪ መጠን ጠቋሚ ያሳስቱታል፤ ማስጠንቀቂያው ሳይደርስ በሩ ላይ ይቀራሉ።

እስካሁን ያነሳናቸው ዕቃዎች ኤሌክትሪክ የሚበሉ ናቸው። በስልክና በዕቃ መካከል ካሉት ግንኙነቶች እኛ የምንወደው ግን ምንም ባትሪ የማይፈልገውን ነው፣ ስልክ ሲጠጋው የሚነበበውን የኤን ኤፍ ሲ ስቲከርን። 13.56 ሜጋኸርዝ ላይ ይሠራል፣ ኃይሉን ከስልኩ ያገኛል፣ የሚነበበውም ከጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ይህ ቅርበት ጥቅሙ ነው፦ ስልኩን ያስነካ ሰው አስቦበት ነው ያስነካው። ኤን ታግ 213 የተባለው የተለመደ ዓይነት 144 ባይት ይይዛል፤ ለአንድ የድረ ገጽ አድራሻ ይበቃል። የማሽኑ መመሪያ፣ የመጨረሻ ጥገና ቀን፣ የመለዋወጫ ዝርዝር ያለበትን ገጽ አድራሻ ጽፎ ማሽኑ ላይ መለጠፍ ነው። ብረት ላይ ሲለጠፍ ግን ተራው ስቲከር ይሞታል፤ ብረቱ የስልኩን መግነጢሳዊ መስክ ይውጠዋል። ለብረት ተብሎ ከሥሩ ፌራይት (መስኩን ከብረቱ የሚከልል ስስ ንጣፍ) የተደረገበትን መግዛት ያስፈልጋል። የማይነበብ ከመሰለም የስልኩ አንቴና የት እንዳለ ይፈተሽ፤ በአይፎን ላይኛው ጫፍ ላይ ነው፣ በብዙ አንድሮይዶች ከጀርባው መሃል አካባቢ። ሰው በሚበዛበት ቦታ የሚለጠፍ ስቲከር ከተጻፈ በኋላ ይቆለፍ፣ አለበለዚያ ማንም አልፎ ሂያጅ የራሱን አድራሻ ይጽፍበታል። መቆለፉ የማይመለስ ስለሆነ አስቀድሞ የሚጻፈው አድራሻ በራስ እጅ ያለና መድረሻው ሊቀየር የሚችል ይሁን። ደግሞም እንዲህ ባለው ተራ ስቲከር በር አይከፈትም፤ መለያ ቁጥሩ በቀላሉ ይቀዳል።

ኪው አር ኮድ ይህንኑ ሥራ በወረቀት ብቻ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1994 የጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ ለመኪና ክፍሎች መከታተያ ያወጣው ነው። ከ1 ሜትር እንዲነበብ ከተፈለገ ጎኑ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን፤ በዙሪያውም ከኮዱ ትናንሽ ካሬዎች የ4ቱን ስፋት ያህል ባዶ ነጭ ይተውለት። ብዙ አታሚዎች ያንን ነጭ ለጌጥ ሲሉ ይቆርጡታል፣ ከዚያ ለምን አይነበብም ብለው ይገረማሉ። የሚቧጠጥበት ቦታ ከሆነ 30 በመቶ ያህሉ ቢጠፋም የሚነበበውን ከፍተኛውን የማረሚያ ደረጃ መምረጥ ነው። ክፍያ የሚፈጸምበት ኮድ ከሆነ በላዩ ሌላ ስቲከር እንዳልተለጠፈ በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል፤ የተለመደው ማጭበርበር እሱ ነው።

በሌላ በኩል ዕቃው ራሱ ሳይጠየቅ ስልክ ላይ እንዲናገር የተደረገ ሙከራ ነበር። ጎግል የብሉቱዝ አሰራጭ የተባሉ ትንንሽ መሣሪያዎች የድረ ገጽ አድራሻ እየላኩ በአቅራቢያው ባለ ስልክ ላይ ማሳወቂያ እንዲያወጡ አድርጎ ነበር። ማሳወቂያው በማይፈለግ ማስታወቂያ ስለተሞላ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 አቋረጠው። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ፦ ጥሪው ከሰውየው መነሳት አለበት።

ስለ ደኅንነት ብዙ የተባለ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ እናክል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት የያዘው ከፋብሪካ በወጡበት የይለፍ ቃል እየገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ዕቃዎችን በእንግዳ ዋይፋይ ላይ አስቀምጡ የሚለው ምክር ተለምዷል። ምክሩ ጥሩ ነው፣ ግን የእንግዳ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ከዋናው ኔትወርክ ስለሚነጠል፣ ዋናው ላይ ያለው ስልክ ዕቃውን በቤት ውስጥ መንገድ ሊያገኘው አይችልም። ሰውየው ሳያውቀው ትዕዛዙን ሁሉ ወደ ሰርቨሩ መንገድ መልሶታል። ራውተሩ ከዋናው ወደ ዕቃዎቹ ብቻ እንዲታለፍ የሚፈቅድ ከሆነ እሱን ማስተካከል፣ ካልፈቀደ ግን የይለፍ ቃሉን ለውጦ ዕቃዎቹን ዋናው ላይ መተው የተሻለ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 የወጣው ማተር የተባለው የአምራቾች የጋራ ደንብ ከዚህ ብዙውን ያቃልላል። ትዕዛዙ በቤት ውስጥ ኔትወርክ ይሄዳል፣ አንድ ዕቃም ከአንድ በላይ በሆኑ መተግበሪያዎች በአንድ ጊዜ ሊታዘዝ ይችላል። ዕቃው የሚመዘገበው ኪው አር ኮድ በማንሳት ወይም 11 አሃዝ በመጻፍ ነው። ያ ኮድ ብዙ ጊዜ የሚታተመው ዕቃው ጀርባ ላይ ስለሆነ ግድግዳ ውስጥ ከመቀበሩ በፊት ፎቶ ይነሳ፤ ያለ እሱ እንደገና ለመመዝገብ ግድግዳ መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል።

ሕግም መንቀሳቀስ ጀምሯል። ብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የሆነ የፋብሪካ የይለፍ ቃልን ከልክላለች፣ አምራቹም የደኅንነት ማሻሻያ ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚሰጥ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ አስገድዳለች። በዚህ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር እንጠይቃለን። ካርቶኑ ላይ፣ ከዋቱና ከቮልቱ ጎን፣ ዕቃው ኢንተርኔት በሌለበት በስልክ ይታዘዝ እንደሆነና ስልክ በሌለበት በእጅ ይሠራ እንደሆነ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ ይጻፍ። አምራቾች መልሱን አሁንም ያውቁታል፤ ገዢው ግን ካርቶኑን ከፍቶ፣ ዕቃውን ገጥሞ፣ ገመዱን ነቅሎ ካልሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።