አበል የሌለው ሥልጠና

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። አንድ ማታ ስልኳ ላይ አፍጥጣ አገኘኋት። መሥሪያ ቤቷ ሠራተኛው በኦንላይን እንዲሠለጥን አዝዞ ኖሯል፤ የቢሮው ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ቤቷ ሆና፣ በራሷ ካርድ በገዛችው የኢንተርኔት ጥቅል ትማራለች። ቪዲዮው ሳይጋመስ ጥቅሉ አለቀ። «ቢሾፍቱ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አበል ነበረው» ብላ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው።

ሳቅኩ፤ የራሴ ትዝ ብሎኝ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። የአሜሪካ ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ቢከፍል ግብር አይጠይቅበትም። ጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1986 የተቆረጠ ነው። ታዲያ የእኛ አሠሪ የሚከፍለው እኔ አስቀድሜ ከኪሴ ከፍዬ፣ ተምሬ፣ ደህና ውጤት ካመጣሁ በኋላ ነው። 1,400 ዶላር በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ፤ ሲመለስልኝ አራት ወር አልፎት ነበር፤ ወለዱን የቻልኩት እኔ ነኝ። እዚያው በጽዳት ሥራ ላይ ያሉ አንድ አባት መብቱ እያላቸው አንድም ቀን አመልክተው አያውቁም። «ገንዘቡ ካለኝማ ምን ደጅ ያስጠናኛል?» ይሉኛል።

የእንግሊዞቹ ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የዓመት የደመወዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የበለጠ አሠሪ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 0.5 በመቶ ለተለማማጆች ሥልጠና ይከፍላል፤ በጊዜው ካልተጠቀመበት ይቀርበታል። የሠራተኛውን ኪስ የሚዳብስ የለም።

አገር ቤት ገንዘብ የለም ሲባል አልዋጥልህ ይለኛል። ለሦስት ቀን የቢሾፍቱ ሥልጠና የአዳራሽ ኪራይ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ሁለት ጊዜ ሻይ ቡና ከነብስኩቱ አለ፣ ቦርሳና እስክሪብቶ አለ፣ አበል አለ። አበል ወዳዱን ሠራተኛ መውቀስ ቀላል ነው፤ እህቴ ግን የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትደጉመው በእሱ ነው። ሥልጠናው ኦንላይን ሲሆን ይህ ሁሉ ቀረና «ቁጠባ» ተባለ። የተቆጠበው ለመሥሪያ ቤቱ ነው፤ የቀረው ወጪ እህቴ ስልክ ላይ አረፈ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በትብብር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ኮርሱ ነፃ ነው፤ ቪዲዮው የሚበላው ዳታ ግን ከሰው ኪስ ነው።

«ለምን ካርድ እንዲሞሉላችሁ አትጠይቁም?» አልኳት።

«ጠይቀናል። በየትኛው የሒሳብ መደብ ይወራረዳል አሉን።»

የሒሳብ ሰው ነኝና መልሱ ገባኝ። ለነዳጅ መደብ አለ፣ ለአበል አለ፣ ለመስተንግዶም አለ። ለካርድ የለም።

የወር ጥቅል ገዛሁላት። ስልኩን ከሶፋው አንስታ ቪዲዮውን ካቆመችበት ቀጠለች።