ሊንከንሺር ያለችው ኒው ዮርክ

በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ሊንከንሺር ውስጥ፣ ጎመንና ድንች በሚመረትበት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ኒው ዮርክ የምትባል መንደር አለች። ባለፈው መስከረም በዚያ ሳልፍ ስሟን የመንገድ ምልክት ላይ አይቼ መኪናዬን አቆምኩ። ጎረቤቷ ደግሞ ቦስተን ናት፤ ከዚህ አካባቢ የሄዱ ሰዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1630 ስሟን ባሕር አሻግረው ለአሜሪካዊቷ ከተማ የሰጡላት እውነተኛዋ ቦስተን።

ኒው ዮርክ ጥቂት ቤቶች፣ አንድ መገናኛ መንገድና እርሻ ናት። ምድሯ ረግረግ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጆን ሬኒ የተባለ መሐንዲስ በነደፋቸው ቦዮች ውኃው ተንጠፍጥፎ ነው የታረሰችው።

እኔን ያስቀናኝ ግን ታላቅ ስሟ ሳይሆን ሰሌዳዋ ነው። ይህችን ለምታህል ትንሽ መንደር ስሟ በጉልህ ተጽፎላታል፤ ቤቶቿም የፖስታ ኮድ አላቸው። ፖስተኛውም አምቡላንሱም ያንኑ ይዘው ደጃፍ ይደርሳሉ።

የተወለድኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። ስሟ የትም አልተጻፈም። እናቴ ለእንግዳ ስትጠቁም «ወፍጮ ቤቱን እለፍና ዋርካው ሥር ስትደርስ ጠይቅ» ትላለች። ይህም የራሱ ወዝ አለው፤ የጠየቅኸው ሰው ሥራውን ጥሎ እስከ ደጅ ያደርስሃል፣ እግረ መንገዱንም የማን ልጅ እንደሆንህ ያጣራል። ኒው ዮርክ ውስጥ 20 ደቂቃ ቆሜ የምጠይቀውም የሚጠይቀኝም ሰው አላየሁም።

ነገር ግን ከሁለት ዓመት በፊት የአጎቴን ልጅ ሌሊት ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ተጠራ፤ ሾፌሩ ለአገሩ እንግዳ ነበርና መገንጠያውን አልፎ ሄደ። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የሚጠየቅ ሰው የለም። በስልክ «ዋርካው ጋ» ቢሉትስ በጨለማ የትኛው ዋርካ? ወንዶቹ ባትሪ ይዘው እስከ ዋናው መንገድ ሮጠው አመጡት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልረሳውም።

አንድ ቆርቆሮና አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ስንት ያወጣል? ለጥምቀት ስገባ ቀለሙን ይዤ እሄዳለሁ። ጽሕፈቱን መሪጌታ ተቀብለዋል፤ የመንደራችን ስም በሀሌታው «ሀ» ይጻፍ ወይስ በሐመሩ «ሐ» በሚለው ላይ ግን ሽማግሌዎቹ ገና አልተስማሙም።